ወንዙ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ

ነሐሴ ነው። ከሰቆጣ ወደ ኒሯቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ አዛውንትና የግብርና ሠራተኛ የምትመስል ወጣት ተቀምጠው ይከራከራሉ።

«የአየር ንብረት ለውጥ የምትሉት የስብሰባ ወሬ ነው። ዝናብ የእግዜር ነው» አሉ አዛውንቱ።

«የእግዜርማ ነው አባቴ። ዛፉን የጨረስነው ግን እኛ ነን።»

«ድርቅ በኔም ዕድሜ ነበር። ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«አሁንስ ቶሎ ቶሎ አልመጣብዎትም?»

«ሰው ቶሎ ይረሳል፣ ልጄ። ይልቅ ወንዙ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ እጮኛዬ ሳለች ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነበር። ነሐሴ ላይ ሲሞላ መሻገር የለም። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ቆመን እንጣራለን፤ ውሃው ድምፃችንን ይውጠዋል። ቶሎ እንዲጎድልልኝ ለሚካኤል ስለት ሁሉ ተስያለሁ።»

ወጣቷ በመስኮቱ ወደ ኋላ ተመለከተች።

«አባቴ፣ እያወሩልኝ አለፍነው እኮ።»

«ወንዙን? ድምፁን ሳልሰማ?»

«ቅድም አቧራ የገባብን ቦታ ነበር።»

እኔም መስኮቱን ዘጋሁና፣ ጉልበቴ ላይ ያረፈውን አቧራ ሳላራግፍ ኒሯቅ ደረስኩ።