ጋሽ እንግዳወርቅና የኒኮቲኑ ልክ

በሰው ነገር አልገባም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እገባለሁ። አዲስ አበባ ላይ ዕድሜዬን ሳስተምር ኖሬ፣ አሁን አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ከእህቴ ልጅ ከትህትና ጋር በአንድ አፓርታማ ስኖር፣ ያየሁትን ዝም ብዬ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቆሻሻ ልጥል ወርጄ ጎረቤታችንን ጋሽ እንግዳወርቅን ከመጣያው ጀርባ ቆመው ሲያጨሱ ሳገኛቸው፣ እንዳላየ ሆኜ አልተመለስኩም።

«እንደምን አደሩ ጋሽ እንግዳወርቅ? ትቼዋለሁ ብለው የለ?»

ሲጋራውን ወደ ጀርባቸው ደበቁት። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጭሱ ግን አላከበራቸውም፣ በትከሻቸው በኩል እየተግተለተለ ይወጣ ነበር።

«ተይኝ እስቲ፣ የዓለምዘርፍ» አሉኝ። «ትቼው ነበር። ያ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ማታለያ ነው። ውሃ እንደ መሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ስስበው እውልና ዞሬ ዞሬ እዚሁ እመጣለሁ።»

«ውብነሽስ ታውቃለች?»

ፊታቸው ጠቆረ። ውብነሽ ከእኛ ብዙ ሳትርቅ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንድ ልጃቸው ናት። በዚህ አገር ክረምት፣ ከገና በኋላ፣ ሀሴት የምትባል ሴት ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ ጊዜዋ ሳይደርስ ስለተወለደች ሳንባዋ አልጠነከረም፤ ሐኪሞቹም ጭስ ብቻ ሳይሆን ጭስ የጠጣ ልብስ እንኳ እንዳይጠጋት አስጠንቅቀዋል። ውብነሽም አባቷን በግልጽ ነግራቸዋለች፦ ሲጋራውን እስካልተውክ ድረስ ልጄን አላሳቅፍህም ብላለች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ እንግዳወርቅ እሑድ እሑድ ይሄዱና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ከሩቅ አይተው ይመለሳሉ።

«ትናንት ልጅቷ አለቀሰች» አሉኝ። «ሳላስበው ተነሥቼ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ውብነሽ አየችኝና ይዛት ወደ መኝታ ቤት ገባች። ክፉ ቃል አልወጣትም። ምነው በተቆጣችኝ።»

እኔ ሳዝን ቁጣ ይቀድመኛል። «በሉ ያጥፉትና ይከተሉኝ» ብዬ እየነዳሁ ቤት አስገባኋቸው።

ትህትና ፋርማሲ ልትመረቅ ጥቂት የቀራት ናት። ቁርሷን እየበላች ነበር፤ ጋሽ እንግዳወርቅን ስታይ ተነሥታ ወንበር ሳበችላቸው።

«ልጄ፣ በፈቃዴ አልመጣሁም። አክስትሽ እየጎተተች ነው ያመጣችኝ።»

«እሷን የሚያመልጣት የለም ጋሽዬ። ይቀመጡ። እስቲ ልጠይቅዎት፣ ፓቹን ሞክረዋል? ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን?»

«ክንዴን አሳክኮ ሊገድለኝ ነበር።»

«የኒኮቲን ማስቲካውንስ?»

«በዚህ ሽበቴ ማስቲካ እያመነዠግሁ መንገድ ለመንገድ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ከቆሻሻ ጀርባ ተደብቀው ሲያጨሱስ ሰው ምን ይላል?» አልኩ እኔ።

«አክስቴ፣ ፕሊስ» አለችኝ ትህትና። ቡና ልቀዳ ተነሣሁ፤ ጆሮዬን ግን እዚያው ትቼ።

ወደ እሳቸው ዞረች። «እውነቱን ልንገርዎት። ከሁሉ የሚሻለው ምንም አለመሳብ ነው። ቬፕም ቢሆን ንጹሕ አየር አይደለም፤ አጭሶ የማያውቅ ሰው ፈጽሞ ሊጀምረው አይገባም። እዚህ አገር ሲጋራ ማቆሚያ ተብለው የተፈቀዱት ፓቹ፣ ማስቲካውና አንዳንድ ክኒኖች ናቸው። እነሱ እምቢ ካሉዎት ግን፣ ሙሉ በሙሉ ከሲጋራ ወደ ቬፕ መዞር ሲጋራውን ከመቀጠል ይሻላል። ለዶክተርዎ ነግረዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ሲጋራውን የሚያስተውህ ከሆነ ሞክረው አለኝ። እኔ ግን አልገባኝም። መተው ማለት መተው ነው። ከጡጦ ወደ ጡጦ የምዛወር ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«እሾህ በእሾህ ይወጣል ይባል የለም? ሰውነትዎ የሚለምነው ኒኮቲኑን ነው። ሳንባዎን የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው ጭሱ ነው፤ ቅጠሉ ሲነድ የሚወጣው ታር የሚሉት ጥቁር ዝቃጭና መርዛም ጋዝ። ኒኮቲኑም ምንም አይል አልልዎትም፤ ሱሱን የሚያስይዘው እሱ ነው፣ ልብም ያስሮጣል። ጭሱን እንዲተዉ ግን ለጊዜው ሰውነትዎ የለመደውን ያህል ማግኘት አለበት። ካነሰው ወደ ሲጋራው ይመልስዎታል። እስቲ የቬፑን ፈሳሽ ጠርሙስ ያሳዩኝ።»

ከነመሳቢያ ዕቃው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ጠርሙሱን አገላብጣ አነበበችው።

«ኒኮቲኑ ሦስት ሚሊግራም ነው። ማን ነው የመረጠልዎት?»

«ሴቨን ኮርነርስ ያለ የቬፕ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ልጅ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጠይቆ ነው የሰጠኝ። በቀን ስንት ታጨሳለህ አለኝ፣ አራት አልኩት። የመጀመሪያዋን መቼ ነው አለኝ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልኩት። እንግዲያው ያንተ ቀላል ነው፣ ትንሹ ይበቃሃል አለኝ።»

እኔ መታገሥ አቃተኝ። ጋሽ እንግዳወርቅ በቀን ከአንድ ፓኮ በላይ እንደሚጨርሱ ፎቁ በሙሉ ያውቃል። ወፍ ሳይንጫጫ የሚቀሰቅሰን የእሳቸው ሳል ነው።

«ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ይዋሻሉ እንዴ?»

«እኔ?» አሉ ተቆጥተው። «ሲጠይቀኝ ሁዳዴ ነበር እኮ። በጾም ልዋሽ?»

ትህትና ሹካዋን አስቀመጠች። «ሁዳዴ ነበር?»

«አዎ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ሲጋራም አፌ አይገባም። ከዚያ ወዲያ አራት ብትሆን ነው።»

«በፍስኩስ?»

ጋሽ እንግዳወርቅ ጠረጴዛውን ተመለከቱ። «በፍስኩ ፊቴን ሳልታጠብ ነው የምጀምረው። እስክተኛ ድረስ።»

«ጋሽዬ» አለች ትህትና በቀስታ፣ «ለሱቁ ልጅ የነገሩት ጾመኛውን ሰውዬ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሲጋራ አምጣ እያለ የሚያስቸግርዎት ግን ፍስከኛው ነው። ለዚያኛው የተለካው ለዚህኛው እንዴት ይበቃዋል?»

ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁም። እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። እኛ ሐኪም ፊትም ሆነ ሱቅ ስንቀርብ ደህናውን ራሳችንን ይዘን ነው የምንቀርበው። ደም ግፊታችንን የምንለካው ከቅቤና ከሥጋ ርቀን በሰነበትንበት ሳምንት ነው፤ ከዚያ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብለን እናማርራለን። የጠየቀን ሰው ደግሞ ሁዳዴ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እኛም መንገር አይታየንም።

«እንዲያውም» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ «ትንሹን ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ኃጢአቱም የሚያንስ መሰለኝ።»

«አያንስም። ሦስቱን ይዘው ሲስቡ ይውላሉ፣ አይጠግቡም፣ መጨረሻ ላይ ሲጋራ ይለኩሳሉ። ያኔ ሁለቱንም አጨሱ ማለት ነው። ሲጋራውን ጨርሰው ካልተዉት ቬፑ ምንም አልጠቀመዎትም።»

«እንግዲያው ትልቁን ልግዛ። ሃምሳ የሚል አይቻለሁ።»

«አየሽ የእኛን ሰው?» አልኩ። «ወይ ከታች ወይ ከላይ፤ መሐል አያውቅም።»

«ሃምሳው ለሌላ ዓይነት መሳቢያ ዕቃ የተሠራ ነው፤ ለእርስዎ ዕቃ አይሆንም» አለች ትህትና። «ከልክ ካለፈ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ ይደልቃል። እርስዎ ደግሞ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ። ይህ ዕቃዎ ትንሽ እንፋሎት የሚያወጣው ነው፤ እንደ እርስዎ ማልዶ ለሚጀምር ሰው አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ስምንት ይሞከራል። አሁኑኑ ለዶክተርዎ ደውለን የፍስኩን እንንገረው፤ እሱም ይወቀው።»

«ልኬ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ልክዎ ከሆነ ጥቂት ስበው ያስቀምጡታል፣ ሲጋራም አያሰኝዎትም። ካነሰ ዕቃው ከእጅዎ አይወርድም። ከበዛ ሰውነትዎ ራሱ ይነግርዎታል፤ ያኔ ያቁሙና ዝቅ ያለውን ይያዙ። ሲጋራውን ከረሱ በኋላ ደግሞ ቀስ እያሉ መውረድ ነው፤ ወደ ስድስት፣ ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ምንም። እንዳይቸኩሉ ብቻ።»

«ሁዳዴ ሲመጣስ?»

«ያኔ የሚጾሙት ሲጋራ እንዳይኖርዎት ነው የምንለፋው።»

ይህ ቃል ገባቸው። ቀና ብለው አዩዋት።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች። «ሀሴት ባለችበት ቤት ቬፑም አይሳብም። ጠርሙሱ ለሕፃን መርዝ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ይገድላል። ቤትዎ ቆልፈውበት፣ እጅዎን ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ይሂዱ።»

«ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ በይኝ።»

«እንደዚያው።»

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብል እኔም ልዋሽ ነው። ዶክተሩ ተነግሮት፣ እየተጠነቀቀ ይሞክር አለ። አሥራ ስምንቱን ይዘው እንደ ሲጋራ አከታትለው ሲስቡት ራሳቸውን አዙሯቸው ግድግዳ ይዘው መጡ፤ ትህትና አሥራ ሁለቱን አስያዘቻቸው። እሱ ተስማማቸው። አንድ ቀን በኢንሹራንስ ጉዳይ በስልክ ተበሳጭተው ከሰው ለምነው አጨሱ፤ በማግስቱ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ጮህኩባቸው፣ ትህትና ግን ከዛሬ ይቀጥሉ ብቻ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ሳላቸው እየቀነሰ ሄደ። ሊፍት ሲበላሽ ፎቁን በእግራቸው መውጣት ጀመሩ። አንድ ምሳ ላይ ደግሞ ለዓመታት ሲያመሰግኑት የኖሩትን ሽሮዬን ቀምሰው ጨው በዝቶበታል አሉኝ፤ ተናደድኩ፣ ግን ምላሳቸው መመለሱን አወቅሁ።

እናንተም ሲጋራ የምትተዉ ከሆነ፣ የተጠየቃችሁትን የዘወትሩን ራሳችሁን ይዛችሁ መልሱ። ሐኪም አማክሩ፣ ልካችሁን ያዙ፣ ሲጋራውን ጨርሳችሁ ተሰናበቱ፣ ከዚያ ውረዱ። ትንሹን ቁጥር ስለያዘ ማንም አልጸደቀም፤ ትልቁን ስለያዘም ማንም አልጎበዘም። የትንፋሽ፣ የእንቅልፍና የምግብ ጣዕም መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። የቀረውን ጥቅም ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ በዓይኔ አየሁት።

ውብነሽ በሩን ከፈተች። እኔን ሳመችኝና አባቷ ፊት ቆመች። የኮታቸውን ኮሌታ አሸተተች፣ ቀጥላም እጃቸውን አንሥታ ጣቶቻቸውን። ጋሽ እንግዳወርቅ እንደሚፈተሽ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ሲጋራ አልነካሁም። ቬፑን ግን ገና እስባለሁ፤ አልደብቅሽም። አሥራ ሁለት ላይ ነኝ። ዕቃውን ቤት ቆልፌበት ነው የመጣሁት።»

ዞራ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ እንግዳወርቅ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ውብነሽ ሀሴትን ይዛ ተመለሰች።

«እዚያ አይደለም። ሶፋው ላይ ተቀመጥ» አለቻቸው፤ ሲቀመጡም ልጅቷን ክንዳቸው ላይ አስተኛችላቸው።

መተንፈስ የፈሩ ይመስሉ ነበር። እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ይወርዳል፤ እጃቸው ስላልተለቀቀ አይጠርጉትም። እኔ ጠረግሁላቸው። ሕፃኗ አፍንጫዋን ደረታቸው ላይ ቀብራ ተኛች።

ውብነሽ የሕፃኗን ብርድ ልብስ አስተካከለች። «አባዬ» አለች፣ «ነገ ሥራ ገቢ ነኝ። መጥተህ ትይዝልኛለህ?»

«ልብሴን ቀይሬ እመጣለሁ» አሉ፤ ሀሴት እንዳትነቃ በሹክሹክታ።