ማንም ሳይሞት የተነፋ ጡሩንባ

በኛ ጊዜ መርዶ በስልክ አይመጣም ነበር፤ በእግር ነበር የሚመጣው፣ ይዞት የሚመጣውም እኔ ነበርኩ። ሻያችሁን እየጠጣችሁ ሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው። ይሄ ሰፈራችን ቡልቡላ ገና ጤፍ የሚዘራበት አገር ሳለ ጀምሮ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ እኔ ለማ ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ እነሳለሁ፣ ሦስቴ እነፋለሁ፣ ከዚያ «የእድር አባላት፣ አቶ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው» እላለሁ፣ እና ወደሚቀጥለው ሰፈር እሄዳለሁ። ያኔ ቤቱ ሁሉ መሬት ላይ ነው፣ ድምፅ ሜዳ ሜዳውን ይሄዳል፣ እዚህ ነፍተህ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ታዲያ ክሬኑ መጣ፣ ገልባጭ መኪናው መጣ፣ እና ጤፍ ያጨድኩበት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ቆመ። ሰው ወደ ላይ ተደረደረ። ወደ ላይ መንፋት ደግሞ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ትንፋሼን ደግሞ ሲጋራው ጨርሶታል። ስንት ያጨሱ ነበር አትበሉኝ። ብዙ።

የምዞረው አስራ ሁለት ብሎክ ነው። አንድ ማለዳ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ፣ ያዘኝና አልለቅም አለ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ውሃ ይዞ ወጣ። «ማን ሞተ ጋሽ ለማ?» ይሉኛል፤ እኔ እጄን አወዛውዛለሁ፣ ድምፅ የለም። ታዲያ ከሰባት እስከ አስራ ሁለት ያለው ሰው ሳይሰማ ቀረ። የሞተችው አንዲት ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች፣ እና ሬሳዋን የሚሸከም ሰው ጠፍቶ አራት ሰዎች ብቻ ሳይቀያየሩ ቤተክርስቲያን አደረሷት። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ነው የተመለስኩት።

እሁድ ስብሰባ ሆነ። ጸሐፊያችን ኪዳኔ ባንክ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ሁሉን በስልክ ካልሆነ አይወድም። ተነሳና በዚያ በረጋ ድምፁ፣ «ጋሽ ለማን እናከብራቸዋለን። ደክመዋል። ከእንግዲህ መርዶ በሜሴጅ ይላክ፤ አንዴ መጫን ነው፣ ለሁሉም እኩል ይደርሳል» አለ።

እኔም ተነሳሁ። «ሽልማት ይጠብቅዎታል ከሚለው ሜሴጅ ሥር የሰው ሞት ይጻፍ ነው የምትለው?»

ተከራከርን፣ ተከራከርን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወር ሰጡኝ። አስራ ሁለቱን ብሎክ ሳልቀመጥ ከዞርኩ እቀጥላለሁ፤ ካልሆነ ጡሩንባው እቃ ቤት ይገባል። ለናንተ ቀልድ ነው። መሬቴ ሄዷል፣ በሬዎቼ ሄደዋል፣ አዲስ የገባው ሰው እኔን የሚያውቀኝ በዚያ ጡሩንባ ነው። ጡሩንባው ከገባ እኔም አብሬው እቃ ቤት ገባሁ ማለት ነው።

*

ልጄ ጫልቱ ገርጂ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። «አባዬ፣ ዕድሜህ አይደለም፣ ሲጋራህ ነው» አለችኝ። ባለ ቁልፍ ስልኬን ተቀበለችና የራሷን የድሮ ታች ስልክ ሰጠችኝ፣ አንድ አፕም ጫነችበት። «ይሄ በቀን ብዙ ጊዜ ይጠይቅሃል። አንተ እውነቱን መልስለት፣ በቃ።»

ታዲያ ጀመረ። ጢን ይላል። «ጤና ይስጥልኝ። አሁን ሲጋራ ምን ያህል አማረዎት? ከአንድ እስከ አስር።» አንቱ ይለኛል፣ ይህቺን ወደድኩለት። አስር ብዬ ነካሁ። «እንረዳዎታለን። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ።» ጠጣሁ። ጢን። «አሁንስ?» አስር። «በረጅሙ ይተንፍሱ።» አንተ ሞኝ፣ በረጅሙ የምተነፍስ ብሆን ካንተ ጋር ምን አገናኘኝ። በሳምንቱ ባለቤቴ ወርቄ፣ «ይሄ ሰውዬ ሲጋራ ሊተው ነው ወይስ ሽንት ቤቱን ሊከራይ ነው?» ማለት ጀመረች።

ከሱቁ ጀርባ አንድ መሸሸጊያ ነበረችኝ። እዚያ ሄጄ ልለኩስ ስል ጢን። «አሁን የት ነዎት? ከማን ጋር ነዎት?» ደነገጥኩ። ዙሪያዬን አየሁ፣ አጥሩን አየሁ፣ ሰማዩን ሳይቀር አየሁ። ያየኛል ብዬ ስልኩን ባርኔጣዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ደግሞ ትራስ ሥር ትቼው ወጣሁ፣ እና አጨስኩ፣ ሁለት ቀን እንደዚያ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁለት ቀን ሙሉ አጨስኩ አላሉንም። እንኳን ደስ አለዎት። ኮርተንብዎታል።»

ኮርተንብዎታል። ትሰሙኛላችሁ? ስድብ ቢልክብኝ ይሻለኝ ነበር። ጫልቱ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳቀች፣ «ችግር የለም፣ ከዜሮ እንጀምር» አለችና ስልኩ ላይ አንድ ነገር ነካካች።

በማግስቱ ማለዳ ጢን። «አዲስ ቀን ጀምረዋል። ሲጋራ ማቆምዎን ዛሬውኑ በአካባቢዎ ላሉ ሰዎች ሁሉ ያሳውቁ።»

ላሉ ሰዎች ሁሉ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ለሰዎች ሁሉ እንዴት እንደሚነገር የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ቆይ፣ ልጨርሰው፣ ከዚያ ትስቃላችሁ።

*

ጡሩንባውን ከግድግዳው አወረድኩ፣ ብሎክ አንድ ፊት ቆምኩ፣ ሦስቴ ነፋሁ። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወረደ፣ ወንዱ ጋቢውን እየጎተተ ወረደ። የድሮ ጎረቤታችን ዘነበች፣ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ናት፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ለቅሶዋን ጀምራዋለች። «ወይኔ፣ ወይኔ፣ ማነው ለማ? ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተማ ቆመሃል።»

«እኔ ለማ ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ አቁሜያለሁ። አባላት ይህን አውቃችሁ እንድትተባበሩኝ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«የሞተ የለም?» አለ አንዱ።

«የለም።»

«ከእድሩ ማለቴ ነው።»

«ከእድሩም የለም።»

ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ያለቀስኩትን ምን ላድርገው?» አለች። «ለሚቀጥለው ይያዝልሽ» አልኳት፣ እና ጫማዋን ስታወልቅ ሳይ ሸሸሁ።

ኪዳኔ በፒጃማ ደረሰብኝ። «ጋሽ ለማ፣ ጡሩንባው የእድሩ ንብረት ነው። ለግል ጉዳይ አይነፋም። ይሄ በስብሰባ ይታያል።» ኮስተር ብሏል፣ ግን ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ። ባለሱቁ ሲጋራ አልሸጥም አለኝ። «እኔም እኮ ያን ማለዳ ግራ እግርና ቀኝ እግር የማይገናኝ ጫማ አድርጌ ነው የወጣሁት ጋሽ ለማ። ሂዱ ከዚህ።» ደረጃ ላይ የማገኘው ሁሉ ከሰላምታው በፊት ጠጋ ብሎ ያሸተኛል። በዚህም በዚያም አላስቀምጥ አሉኝ።

ታዲያ አንድ ቀን በጣም ሲብስብኝ ታክሲ ይዤ ኢምፔሪያል ታክሲ ተራ ሄድኩ። ኢምፔሪያል ማን ያውቀኛል? ሰው በሰው ላይ ነው፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ መኪናው ይጮኻል። አንድ ፍሬ ገዛሁ፣ አፌ ላይ አደረግሁ፣ ክብሪት ሳወጣ ጢን። «አሁን የት ነዎት? ከማን ጋር ነዎት?» ብቻዬን ነኝ ብዬ ልነካ ስል፣ ከታክሲ ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፣ የብሎክ ዘጠኝ ትሁን የአስር፣ ስሟን እንኳ አላውቀውም።

«ጋሽ ለማ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ባለቤቴ እኮ እርስዎን ሰምቶ እሱም አቆመ።»

ምን ልበላት? «ይሄ... ለሰው ይዤለት ነው» አልኩ።

«በአፍዎ?»

«በአፌ» አልኩ።

ሲጋራውን አየች፣ እኔን አየች። ስልኩም እጄ ላይ ሆኖ መልስ ይጠብቃል። ከጎረቤት ጋር ነኝ ብዬ ነካሁ። ሲጋራውን እዚያው ጣልኩት፣ ከዚያ ወዲህም አልለኮስኩም።

*

ወሩ ሳይሞላ በቀለ ሞተ። በቀለን አታውቁትም፣ ከእናንተ መምጣት በፊት የነበረ ሰው ነው፣ ጎን ለጎን ያረስን ነን። በዚህ አልቀልድም። ኪዳኔ ደወለልኝ፣ «ጋሽ ለማ፣ ሜሴጁን አሁን ልኬያለሁ። እርስዎ ካልቻሉ ማንም አይቀየምዎትም» አለ። ስልኩን ዘግቼ ጡሩንባዬን ይዤ ወጣሁ።

ብሎክ አንድ ላይ ሦስቴ ነፋሁ። አንድ መስኮት አልተከፈተም። ደግሜ ነፋሁ። ዘነበች ብቻ ራሷን በመስኮት ብቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ደግሞ ምኑን ተውክ?» አለችኝ።

«በቀለ ነው፣ ዘነበች።»

አላመነችኝም፣ እንዴት ትመነኝ። ገባች፣ ስልኳን ይዛ ተመለሰች፣ ሜሴጁ እዚያ አለ። ከዚያ ያን ለቅሶዋን ለቀቀችው፣ እና ብሎኩ በሙሉ ወጣ። በየብሎኩ እንደዚሁ ሆነ፤ እኔ እነፋለሁ፣ ሰው «ይሄ ሰውዬ ደግሞ» እያለ ስልኩን ያያል፣ ከዚያ ነጠላውን ፍለጋ ይሮጣል። ስድስተኛው ላይ አልተቀመጥኩም። አስራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ላቤ ይንጠባጠባል፣ ድምፅ ግን አለኝ። ሌላ ጊዜ «አቶ በቀለ» ብዬ ነበር የማልፈው። ያን ቀን በቀለ ዳባ ጉደታ ብዬ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠራሁት። ኪዳኔ እዚያ ቆሞ ይሰማል። ስጨርስ ጡሩንባውን ከእጄ ተቀበለና ተሸክሞልኝ አብረን ወደ ለቅሶው ቤት ሄድን።

በስብሰባው ጡሩንባውም ይቀጥል፣ ሜሴጁም ይላክ፣ ሰው ካልሞተ ግን ጡሩንባ አይነፋ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ዘነበች እጇን አውጥታ፣ «የመጨረሻዋ ይሰመርባት» አለች።

አሁን ጫልቱ ስልኩ ነው ያስተወው ትላለች። ኪዳኔ ስብሰባው ነው ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አፍሬ ነው የተውኩት። ስልኩ የሠራው ሥራ ቢኖር የማፍረውን ሰው ማብዛቱ ነው።

«እኔ ግን እንደማጨስ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም፣ ጋሽ ለማ» አለ ከሚሰሙኝ አንዱ።

ለዚያ ነዋ ያላቆምከው። በል አሁን እኛ አወቅን፣ ሻይህን ጠጣ።