ማንም ያልነካት ኳስ

ካዛንቺስ ሜዳ ላይ የኛ ሰፈር ልጆች ከወሎ ሰፈር ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ሰዓት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዓይን አፋር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምትልልኝ ጓደኛዬ ናት። ሰዓት ለመያዝ ግን አፍ አያስፈልግም፤ ጊዜው ሲያልቅ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መምታት ነው፣ በቃ። በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ሦስት ሰከንድ ሲቀር ኳሷ ከኛ ልጅ እጅ ወደ ውጭ ወጣች። ዳኛው ጋሽ ታደሰ ፊሽካ ሲነፉ ሰዓቱን አቆምኩ። «ከውጭ የተወረወረችን ኳስ ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው እስኪነካት ሰዓቱን እንዳታስነሺ» ብለውኛል። የወሎ ሰፈሩ ልጅ ኳሷን መሬት ለመሬት አንከባለላት። ጓደኛው አጠገቧ ይሮጣል፣ አይነካትም። የኛዎቹ ሰዓቱ እየሄደ መስሏቸው ቆመው ያያሉ። «አለቀ! ምቺው እንጂ፣ አንቺ ፈዛዛ!» ብሎ ከተጫዋቾቹ መሀል ወንድሜ ጮኸብኝ። ጣቴን አላነቃነቅኩም። ልጁ ቅርጫቱ ጋ ደርሶ አፈፍ ሲያደርጋት ሰዓቱን ለቀቅኩት። ወረወረ፤ ኳሷ ከእጁ ወጥታ አየር ላይ እያለች ሦስቱ ሰከንድ አለቀ፣ ቸርኬውን መታሁት። ገባች!

የኛ ሰፈር ሁሉ ከበበኝ። «ለምን ዘገየሽ፣ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«ማንም አልነካትማ!»

የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ሜዳው ጸጥ ሲል ነው። ጋሽ ታደሰ «ቸርኬው ሳይመታ ከእጁ ወጥታለች» ብለው ነጥቡን አጸደቁት፤ ተሸነፍን።

ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ ቀድሞኝ ሄደ። በር ላይ ስንደርስ ግን፣ «ቅዳሜ የመልሱ ጨዋታ እነሱ ሜዳ ነው» አለኝ። «ሰዓቱን እህቴ ካልያዘች አንመጣም ብያቸዋለሁ።»