ማኅተሙን ያመኑት ፖስተኛ

ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ደረጃው ላይ ቆመው ኪሳቸውን ሲበረብሩ፣ የላይኛው ፎቅ ልጅ ከሥራ ስትመለስ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«መነጽሬ።»

«ግንባርዎ ላይ ነው።»

አወረዱት። ሌላ ቀን ቢሆን መርቀው ነበር የሚያሳልፏት። ዛሬ ግን መነጽሩን እንዳወረዱ ወደ ስልካቸው አጎነበሱ።

ልጅቷ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ትጠግናለች። እሳቸውን ሰፈሩ «ማኅተም» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብዳቤ ሲያድሉ ስለኖሩ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንደ አባት ቃል ያምናሉ። የመጣ ደብዳቤም መልስ ሳያገኝ እሳቸው ዘንድ አያድርም። ልማዱ መልካም ነበር። ነገር ግን መልካም ልማድም የማያውቀው ሰፈር ሲገባ መንገድ ይስታል።

«ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አሉ። «ከሆስፒታሉ ኢሜይል መጣ። የይለፍ ቃልህን ዛሬውኑ ካልቀየርክ አካውንትህ ተዘግቶ ወረፋህ ይሰረዛል ይላል። እዚህ ላይ ተጫን አለኝ።»

«ተጫኑት?»

«ልጫን ስል መነጽሩ ጠፋ።»

«እግዜር ነው የደበቀው።»

«አትቀልጂ! የእትዬን ነገር ታውቂ የለ!»

ታውቃለች። የባለቤታቸውን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሴትዮዋ ግድግዳ እየዳሰሱ መሄድ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምናውን ቀን በድረ ገጹ አሳውቃለሁ ካለ ወዲህ፣ አዛውንቱ ስልኩን ከእጃቸው አይለዩም። ይህ ወረፋ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

«ጋሼ፣ ይህ የሌባ መልእክት ይመስለኛል።»

«የሌባ? የሆስፒታሉ ማኅተም ይኸው ከላዩ! ደግሞ ጨዋነቱ፤ 'ክቡር ደንበኛችን' ብሎ ነው የጀመረው።»

«ሌባ ሲሰርቅ ይሳደባል እንዴ? ስምዎን እንኳ አልጠራም። ሆስፒታሉ ስምዎን አያውቅም?»

«እናንተ የዛሬ ልጆች ሰው ሁሉ ሌባ ይመስላችኋል።»

«በእርስዎ ዘመን የውሸት ደብዳቤ አልነበረም?»

«ነበር» አሉ ሽማግሌው ሳይወዱ። «ለአንድ እንጨት ነጋዴ፣ ሩቅ አገር ካለው ወንድምህ የሚል መጣ። ታምሜያለሁ፣ ቶሎ ድረስልኝ ይላል። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

«በምን አወቁ?»

«ፖስታው ላይ የተመታው የዚሁ የሰፈራችን ፖስታ ቤት ማኅተም ነዋ! የላኪውን ስም ማንም ይጽፋል። ከየት እንደተነሳ የሚናገረው ግን የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው።»

«ታዲያ ይሄኛው ማኅተም ላኪው ራሱ የለጠፈው ነው። የፖስታ ቤቱን ገና አላዩም። እስቲ የላኪውን ስም ነካ ያድርጉት።»

ነኩት። ከሆስፒታሉ ስም ሥር ረጅም አድራሻ ተዘረጋ፤ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት፣ ከሆስፒታሉ ጋር ዝምድና የሌለው። ፖስተኛው አንገታቸውን አስግገው አዩት። ሰውን ከሚያውቀው ነገር አንስተው ካላስረዱት የማያውቀው አይገባውም።

«ይሄ የማን ጓሮ ነው?» አሉ። ወዲያው ግን ጭንቀታቸው አገረሸ። «ግን ሌባ ከእኔ ሚስት ዓይን ምን ያገኛል?»

«ከዓይናቸው ምንም። እዚያ ሲጽፉት ግን የይለፍ ቃሉን ያገኛል። ለባንኩም ያው ቃል ነው?»

«ለሁሉም አንድ ነው። በዚህ ዕድሜ ስንቱን ልሸምድድ?»

«ይኸው እኮ! ደግሞ አድራሻውን እንኳ አስመስለው የሚጽፉ ብልጦች አሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቃሌን ልቀይር ብለው ጠይቀው ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!»

«ብትሳሳቺስ? ማታ ቢዘጋስ? እሷን ምን ልበላት?»

ሙግቱ እዚህ ላይ ቆመ። ልጅቷም ይህ ጥያቄ በምክር ብቻ እንደማይመለስ ገባት።

«እንግዲያ ሌባው ባሳየን በር ሳይሆን በራሳችን በር እንግባ። የቀጠሮ ካርዱ አለ?»

ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። የሆስፒታሉን አድራሻ ከካርዱ እያዩ ራሳቸው ጻፉ፤ የይለፍ ቃሉንም አስገቡ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ስልኩ አልቀበልም አለ።

«ይኸው ተዘጋ! አልኩሽ!»

«ጋሼ፣ ቸኩለው ነው የጻፉት። ስተው ይሆናል። 'ረስቻለሁ' የሚለውን ይጫኑ።»

ተጫኑ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ሌላ ኢሜይል። የይለፍ ቃልዎን ለመቀየር እዚህ ይጫኑ ይላል። ፖስተኛው እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ።

«ሌባው ተከተለን!»

ልጅቷ ሳቀች። «ይሄንንስ ማን ጠየቀ?»

አሰቡ። «እኔ።»

«መቼ?»

«አሁን።» ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው የላኪውን ስም ነኩ። አድራሻውን ከካርዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። አንድ ነበር። ተጫኑ፤ ከባንኩ የተለየ አዲስ ቃልም መረጡ። ገጹ ሲከፈት ወረፋው ሳይነካ በቦታው ነበር፤ የቀዶ ሕክምናው ቀንም ተቆርጦ ተጽፏል። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ኖሯል።

ሽማግሌው ግን ዝም ብለው አላመኑም። ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደወሉ።

«እውነት ነው» አሉ ስልኩን ዘግተው። «ማክሰኞ ነው። ይምጡ አሉኝ።» ከዚያ፣ «ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ» አሏትና ወደ ባለቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ፖስተኛው ከደጃፉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጎረቤቱን ይመክራሉ። «አስቸኳይ ሲልህ አንተ ቀስ በል። ያልጠየቅኸው ሲመጣ አትንካው። ከሰጋህ በራስህ በር ገብተህ እይ፤ ደውለህ ጠይቅ። አንድ ቁልፍ ለሁሉም በር አታድርግ። ይህን ያደረገ ገንዘቡም ወረፋውም እንቅልፉም ከእሱ ጋር ነው» ይላሉ። የቀድሞ ልማዳቸውንም ትተዋል። ዛሬ መልእክት እሳቸው ዘንድ ያድራል።

ሴትዮዋስ? ሐኪሙ ፋሻውን የፈታ ዕለት፣ ፖስተኛው አልጋው አጠገብ ቆመው ኪሳቸውን ይበረብሩ ነበር። ባለቤታቸው ትክ ብለው አዩአቸው።

«አንተ ሰውዬ» አሏቸው፣ «መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው።»