የሉሳካው እንግዳ ምሳ

ከካዛንቺስ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ስለ መስክ ሥራው ያወራል።

«ናይሮቢ፣ ሉሳካ፣ አክራ... ያልረገጥኩት የለም፣ እማማ።»

«ምን ትበላ ነበር ልጄ?»

«ቻይና ቤት ነዋ። በቃ፣ የትም አገር አይጠፋም። ለረቡዕና ለዓርብም አትክልት አላቸው።»

«የአገሬውንስ ምግብ?»

«የማያውቁትን ምግብ ማን ይደፍራል?»

«አሁንስ ወዴት ነህ?»

«ኦሎምፒያ። ከሉሳካ የመጣ እንግዳ ምሳ ልጋብዝ። በየዓይነቱ ላበላው ስል፣ ቻይና ቤት ውሰደኝ አይለኝም መሰለዎት!»

«ምነው?»

«የማላውቀውን ምግብ አልደፍርም ብሎ ነዋ! ማለቴ፣ የሰው አገር እንዲህ ይናቃል?»

«ቻይናዎቹን ያኑርልን እንጂ፣ ልጄ።»

ሰውዬው «ወራጅ አለ!» ብሎ ኦሎምፒያ ሲወርድ፣ እኔም እዚያው ወራጅ እንደነበርኩ ትዝ ያለኝ ወሎ ሰፈር ስንደርስ ነው።