በረኛ የሌለው ምርጥ አስራ አንድ

— ሄሎ፣ ጌታሁን ወንድሜ? ጥሩ ደወልክ። በረኛ የለውም።

— ቡድናችሁ ነዋ! "የንፋስ ቡድን የምንጊዜም ምርጥ አስራ አንድ" ብላችሁ ለዛሬ ማታው የቡድኑ ዝግጅት ባነር ላይ አትሚልን ያላችሁኝ። በረኛ የለውም ነው የምልህ። … አትሳቅ። ቁጠር። … ቁጠር አልኩህ! አንተ አይደለህ የኮሚቴው ሰብሳቢ?

— ማሃሙድ፣ አጥቂ። ዘካሪያ፣ አጥቂ። … ዐብዲናስር፣ እሱም አጥቂ። ቀጥል። … ቀጥላ! … አየህ? አለቀ። ግማሹ አጥቂ ነው፣ ጎሉ ላይ ግን ማንም የለም።

— እኔ አይደለሁም ያየሁት፤ ረዳቴ ዴቃ ናት። ኳስ አይታ የማታውቀው ዴቃ፣ ማሽኑ ላይ ልትጭነው ስትል "ጓንት ያደረገው የቱ ነው?" አለችኝ። … ምን ልበላት? ሥራውን አስቆምኳት።

— ስንት ጊዜ ነው የተሰበሰባችሁት! በየከሰዓቱ ጫት እየቃማችሁ፣ ማሃሙድ ይበልጣል፣ የለም ዘካሪያ ይበልጣል … አውቃለሁ እንጂ፣ የኛው ሳሎን ውስጥ አይደል እንዴ? ከጓዳ ሆኜ እሰማችሁ ነበር። ምሳ እንደተበላ አንድ ጎል ያገባው ሰውዬ ለመግሪብ ሶላት ሦስት አግብቶ ይነሳል። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም አግቢ ነው። ጎል ያዳነ ሰው ማን ትዝ ይበለው!

— ምን? … ለዘካሪያ ጓንት ላልብሰው? በፎቶሾፕ? … ጌቱ፣ ዘካሪያ ኳስ በእጁ ነክቶ የሚያውቀው ፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰጥብን ብቻ ነው። … "ማን ያያል" አትበለኝ። ማታ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ግማሹ እዚያው ሜዳ ዳር ያደገ ነው፤ ከበሩ ሳይገባ ነው የሚስቅባችሁ።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። … አሁንስ?

— አዴሮ ዲሪዬ ናቸዋ በረኛው! ሌላ ማን ነበራችሁ? … ሕፃን ብሆንም አስታውሳቸዋለሁ፤ አዴሮ፣ አጎቴ እያልኩ ነው ያደግሁት። ከእረፍት በኋላ ንፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣባችሁ፣ ከመሐል ሜዳ የተጠለዘ ሁሉ ጎል ሊሆን ሲመጣ፣ እዚያ አቧራ ውስጥ የሚቆመው ማን ነበር? እነዚህ ታላላቅ አጥቂዎቻችሁማ ዓይናቸውን በማሊያ ሸፍነው ጀርባ ይሰጡ ነበር። … ሽንሌ ላይስ ዋንጫውን ማን አመጣላችሁ? ማሃሙድ ፍጹም ቅጣቷን ወደ ሰማይ ነው የሰደዳት፤ እሳቸው ናቸው አድነው ያተረፏችሁ። … አላህ ይማረው፣ ግን ሰዷታል።

— "አይሻ ከተማ ነው ያለው፣ በምን ይሰማል"? … እዚህ ናቸው እኮ። ጅጅጋ። … የኔ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው። ፂማቸውን ሂና ተቀብተው፣ ጉርድ ፎቷቸውን በፖስታ ይዘው። "እናንተ ጋ ያለው አሮጌ ይሆናል፣ ይህ ይሻላል" ብለው ነው ያመጡልኝ። … ማን ጠራቸው? አንተ!

— አንተ ነህ በጫቱ በርጫ መሐል የደወልክላቸው። "ዲሪዬ፣ ካንተ በፊት በረኛ አልነበረም፣ ካንተም በኋላ የለም፤ መጀመሪያ የጻፍነው ስም ያንተ ነው" ብለህ። … ራሳቸው ነዋ የነገሩኝ፣ ያውም እያፈሩ። … አታስታውስም። … እንዴት ታስታውሳለህ! ስልኩን ስትዘጋ ወደ ማሃሙድና ወደ ዘካሪያ ተመለሳችሁ።

— ሚስታቸው ሸኝታቸዋለች፣ ጎረቤቱ በሙሉ ሰምቷል። አሁን "ተሳስተን ነው" ተብለው ሊመለሱ ነው? … ስለዚህ አንድ ሰው ይውጣ፣ እሳቸው ይግቡ።

— ታች ጥግ ላይ? በትንሹ? … ምን ብዬ ልጻፍባቸው፣ "በረኛም ነበረን" ብዬ? … አስራ ሁለት አላደርገውም። ከአስራ አንድ አይበልጥም እያላችሁ ስንቱን ሰው ስታስቀይሙ ከርማችሁ! … አንድ ሰው ይውጣ።

— እሺ፣ ማሃሙድ አይወጣም፤ ቤተሰቡ ይመጣል። … ዘካሪያ አዳራሹን ያስፈቀደ ነው፣ እሺ። … ዐብዲናስር ያኮርፋል። … የልጅ ልጅ ያየ ሰው ያኮርፋል! ይሁን፣ እሱም ይቅር። … አንተስ?

— ሄሎ? … ኔትወርኩ ነው ወይስ አንተ ነህ?

— አንተ ውጣ ነው የምልህ። … የምን ክንፍ? የተቀያሪ ወንበር ክንፍ ነበርክ! አንድ ዓመት ተኩል ተጫወትኩ ትላለህ፤ አብዛኛውን የሰው ልብስ ስትጠብቅ ነው። … አውቃታለሁ ያቺን ኳስ። ለማሃሙድ ያሻገርካት። በቤታችን ያቺን ኳስ የማያውቅ አለ? … አንተ አላሻገርካትም፣ ንፋሱ ነው። አንተማ ወደ ውጪ ልታወጣት ነበር የመታሃት፤ እማዬ ራሷ ቆማ አይታለች።

— እና አለቃህን ከጋበዝክስ? … ልጆችህ "አባታችን ለሚገባው ሰው ቦታ ለቀቀ" ቢሉ ምን ይጎድልብሃል? … አዎ፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። በየበዓሉ ትነግረኛለህ፣ አልረሳሁትም። እሱ ለኔ ነው። ለንፋስ ቡድን ምን አድርገሃል?

— ቆይ፣ ቆይ … ዴቃ፣ ምን ሆንሽ? … ለምን አላቆየሻቸውም? … እንዴ፣ አዴሮ! ይግቡ፣ ይግቡ። … አዎ፣ እሱ ነው ባነሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው …

— ጌቱ፣ ገብተዋል። ስክሪኑ ፊት ቆመዋል። … በጣታቸው አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። … እኔ አልነግራቸውም። የጠራሃቸው አንተ፣ የምትነግራቸውም አንተ። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። … አዴሮ፣ ጌታሁን ነው፣ ሊያናግርዎት ይፈልጋል። ይናገሩ፣ ይሰማዎታል።

— ምን አልክ? … ድገመው እስቲ። … "እህቴ ናት ስትሠራው የረሳችህ"? … እኔ? … ጎበዝ! ይህንንስ ምን ልንለው ነው? ገና ጠዋት ነው፣ አልቃምክም።

— አዴሮ፣ እኔ የላኩልኝን ነው የሠራሁት። … የቱ? ይሄ ጫፍ ላይ ያለው? … እሱ ነው፤ አሁን ስልክ ላይ ያለው። … አዎ፣ ያኔ ፀጉር ነበረው። … አብሬያቸው ተጫውቻለሁ ነው የሚለው። … አያስታውሱትም? … ሰማህ ጌቱ? አያስታውሱህም።

— አዴሮ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሻይዎን እንኳ አልጨረሱም። … ፎቶው? … እሺ። ይኸው፣ አዴሮ። … እሺ።

— ወጡ። … ፎቷቸውን ፖስታው ውስጥ መለሱና ወጡ። … "የድሬዳዋ መኪና ሳይሞላ ልድረስ" ነው ያሉት፣ በቃ። … አልተቆጡም አልኩህ! ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

— ምን? … "እንዲያውም ተገላገልን"? … "በቃ እንግዲህ አትሚው"? …

— ዴቃ፣ ማሽኑን አጥፊው። … አዎ፣ አጥፊው ነው ያልኩሽ። ቦርሳሽን ያዢና ነይ።

— አይደለም፣ ልመልሳቸው አይደለም የምወጣው። ወደ እናንተ ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ? መናኸሪያ ድረስ ሻንጣቸውን ልይዝላቸው ነው። … ባነሩ? … እኔ ምን አውቅልሃለሁ! ሌላ የሚያትም ፈልግ፤ ከተማው ሙሉ ነው። … ምሽቱ ደረሰ አልደረሰ የኔ ጉዳይ አይደለም። … እንደፈለግህ ለእማዬ ንገራት፤ እኔም እነግራታለሁ።

— ምን ድምፅ? … የሱቁ በር ነዋ። እየቆለፍኩ ነው። ቻው።