ሁላችንም የባላባት ዘር

ኮተቤ እየተገናኘን በመጽሐፍ ላይ የምንወያይ ጥቂት ሰዎች ነን። ባለፈው የተወያየነው ስለ ሩሲያ መሳፍንትና ስለ ገባሮቻቸው በሚተርክ ወፍራም ልቦለድ ላይ ነበር። እኔማ መስፍኑ ገባሩን ሲያስገርፍ አልቅሻለሁ፤ "ደራሲው ለጌቶቹ አድልቷል!" ብዬ ጠረጴዛ ደበደብኩ። አንዷ ልጅ ግን "የኛ ቅድመ አያት ባላባት ነበሩ፤ እንዲህ አይጨክኑም" አለች። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠውም የባላባት ዘር ሆኖ ተገኘ። ወሬው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ እንባ የት እንደገባ እንጃ፣ "የኛም ቅድመ አያት ፊታውራሪ ነበሩ" ብዬው አረፍኩ።

ጡረታ የወጡት መምህርት እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጆቼ፣ ሁላችሁም የባላባት ዘር ከሆናችሁ፣ ያርስላቸው የነበረው ማን ነው?" አሉን። እኔ በመስኮቱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እቆጥር ጀመር።

ቤት ስገባ እናቴን ጠየቅኳት። "የምን ፊታውራሪ? የፊታውራሪው በቅሎ ሳቢ ነበሩ እንጂ!" ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቴን አይታ፣ "ምነው፣ ለሰው አወራህ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ለማንም!" አልኳት።